የካሪቢያን ዲያስፖራ ልብ ወለዶች፦ የቤተሰብ ገመና ከሚገለጥባቸው የትኛውን ልምረጥ?

በካሪቢያን ዲያስፖራ ልብ ወለድ ውስጥ ገመና የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አባቱ ማን እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ አለ፤ በማደጎ የተሰጠች ሕፃን አለች፤ በሰው ስም ባሕር የተሻገረች ሴት፣ ባል ሳያውቅ የተሸጠ መሬት፣ ያለፈ ግፉን «እስረኛ ነበርኩ» በሚል የሸፈነ አባት አለ። ስለዚህ «የቤተሰብ ምስጢር ያለበት መጽሐፍ» ብሎ መፈለግ ምርጫውን አያጠበውም። የጃማይካውን ላንብብ ወይስ የሄይቲውን ብሎ በአገር መለየትም ብዙ አያዋጣም። መጻሕፍቱን በእርግጥ የሚለያቸው ገመናው የሚወጣበት መንገድ ነው። ምስጢሩን የያዘው ማን ነው? በቁሙ ይናገራል ወይስ ሞቶ? ሰሚው ፈልጎ ይሄዳል ወይስ ሳይፈልግ ይደርሰዋል? መጨረሻ ላይስ እውነቱ ይጨበጣል?

ከዚህ በታች ያሉት መጻሕፍት በእነዚህ ጥያቄዎች ተመዝነዋል። መጨረሻቸውን አናወጣም፤ ለመምረጥ የሚያስፈልገውን ያህል ግን እንናገራለን። ምንም ሳይሰሙ መጀመር የሚወዱ ከሆነ ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከተጻፈው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አንብበው ይለፉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ አንባቢ፣ የእነዚህ መጻሕፍት ሰዎች ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚቆሙ ግር ሊለው ይችላል። ምክንያቱ የመዝገብ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በባርነት የተያዙ ሰዎች በስርዓት መመዝገብ የጀመሩት በትሪኒዳድ በ1812፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ደሴቶች ደግሞ ከ1817 ወዲህ ነው። መዝገቡም የባለቤት የንብረት ቆጠራ ስለነበር ብዙ ጊዜ የያዘው አንድ ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1834 ሲሆን «ልምምድ» እየተባለ የቀጠለው የግዴታ ሥራ ያበቃው በ1838 ነው። ከዚያ በኮንትራት ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ተጨመሩ፤ ወደ ብሪቲሽ ጉያና ከ1838፣ ወደ ትሪኒዳድ ከ1845 ጀምሮ። ከቻይና የመጡም አሉ። ከ1948 በኋላ ደግሞ ወላጆች ወደ እንግሊዝ፣ ቆይቶም ወደ ኒውዮርክና ቶሮንቶ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለአያትና ለአክስት ትተው ሄዱ።

ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። አንደኛው ማንም ስለማያውቀው ያልተነገረ ነው፤ ሁለተኛው የሚያውቀው ሰው አልናገር ስላለ። የመጀመሪያውን ጉዞ፣ ሥነ ሥርዓት ወይም የደራሲው ምናብ ይሞላዋል። ሁለተኛው የሚፈታው ሰው አፉን ሲከፍት ብቻ ነው። የትኛው ዝምታ እንደሚያሳስብዎ ካወቁ ግማሹን ምርጫ ጨርሰዋል።

ሟች የምትናገርበት

የቻርሜይን ዊልከርሰን «ብላክ ኬክ» በ2022 የወጣ ሲሆን በ2023 «ሁሉ» (Hulu) በሚባለው የቪዲዮ አገልግሎት ተከታታይ ፊልም ሆኗል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤሌኖር ቤኔት የምትባል እናት ስትሞት ለተኳረፉ ሁለት ልጆቿ፣ ለባይረንና ለቤኒ፣ ረጅም የድምፅ ቅጂና ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ኬክ ትተዋለች። ቅጂውን ከጠበቃዋ ፊት አብረው መስማት አለባቸው። እየሰሙ ሲሄዱ እናታችን ብለው የሚያውቋት ሴት የሕይወት ታሪክ ከመነሻው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሁለት ገጽ አይሞሉም። እንግሊዝኛው ግልጽ ነው፤ ዘዬ ብዙም አያስቸግርም። አራት መቶ ገጽ ገደማ ቢሆንም ከዚህ ዝርዝር ፈጥኖ የሚያልቀው እሱ ነው። ኬኩም ለጌጥ የገባ አይደለም። የደረቁ ፍራፍሬዎች በሩምና በፖርት ወይን ለረጅም ጊዜ ይዘፈዘፋሉ፤ ስኳሩ እስኪጠቁር ይከስላል፤ የአሠራሩ መሠረት የእንግሊዞች የገና ፑዲንግ ነው። ሩሙና ስኳሩ የሸንኮራ እርሻው ትሩፋት ናቸው፤ አገዳው ራሱ ከእስያ በኩል የመጣ ተክል ነው። ደራሲዋ ይህን ድብልቅ «የእኛ» የሚባለው ቅርስ ከየት ከየት እንደተሰበሰበ ለማሳየት ተጠቅማበታለች፤ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍሎችም እነዚህ ናቸው።

ድክመቱ መብዛቱ ነው። የግዳጅ ጋብቻ፣ የባቡር አደጋ፣ የወሲብ ጥቃት፣ ማደጎ፣ ዘረኝነት፣ የባሕር ሳይንስ፣ ሁሉም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፤ አንዳንዱ አጋጣሚም «እንዲህም ይሆናል?» ያሰኛል። አንባቢ የሚጠፋበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ከአንድ በላይ ስም ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ታሪኩም ወደ ኋላና ወደ ፊት እየዘለለ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሠርተው አንዱ ላይ ስም፣ ሌላው ላይ ቦታና ዘመን እየጻፉ ካነበቡ ችግሩ ይቀላል።

አባት በአፉ የሚናዘዝበት

ኤድዊጅ ዳንቲካት የተወለደችው ፖርቶፕሪንስ ሲሆን በ12 ዓመቷ ብሩክሊን ገብታለች። በ2004 የወጣው «ዘ ዲው ብሬከር» ከላይ ካለው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። በዘጠኝ ታሪኮች የተዋቀረ፣ ከ250 ገጽ የማይበልጥ፣ ገመናውን በመጀመሪያው ታሪክ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ነው።

ካ የምትባል ወጣት ቀራፂ አባቷን ከማሆጋኒ እንጨት ትቀርፀዋለች፤ የተንበረከከ፣ ራቁቱን የሆነ እስረኛ አድርጋ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው አባቷ ሄይቲ ውስጥ ታስሮ እንደተሠቃየ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳም የዚያ ምልክት እንደሆነ። ሐውልቱን ለገዢ ለማድረስ አብረው ፍሎሪዳ ይሄዳሉ። አንድ ማለዳ አባትዬው ከሐውልቱ ጋር ከሆቴል ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ ወደ ሐይቅ እንደጣለው ይነግራታል፤ እሱ ታዳኝ ሳይሆን አዳኝ እንደነበረም። በሄይቲ አምባገነኖች በዱቫሊየሮች ዘመን (1957–1986) ሰው የሚያሠቃይ ነበር። ልጁ በእጇ የሠራችው ውሸቱን ነበር፤ እሱም ያጠፋው ያንኑ ውሸት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ከተጻፉት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የኑዛዜ ትዕይንት መጥቀስ ይከብዳል።

የሚቀሩት ስምንት ታሪኮች አባትዬውን ከሌሎች ሰዎች ዓይን ያሳዩታል። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፤ ብዙ አንባቢ ታሪኮቹ የማይገናኙ መስለውት እየመረጠ ያነባል፣ ከዚያም «ታሪኩ ተቆራረጠብኝ» ይላል። መፍትሔው ሦስት ምልክቶችን መከታተል ነው፦ ፀጉር አስተካካይ፣ ምድር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንዶች፣ ጠባሳ። ከእነዚህ አንዱ በታየ ቁጥር ገጹን ምልክት ያድርጉ። የመጨረሻውን ታሪክ አስቀድመው አያንብቡ። ወደ 1967 ተመልሶ ጠባሳው እንዴት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው፤ ቀድሞ ከተነበበ መሐል ያሉት ታሪኮች ሁሉ ጥርጣሬያቸውን ያጣሉ።

የዳንቲካት የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ብሬዝ፣ አይስ፣ ሜመሪ» (1994) ምስጢሩን የሚያደርገው እናት ላይ ነው። ሶፊ በአክስቷ እጅ አድጋ በ12 ዓመቷ ኒውዮርክ ወዳለችው እናቷ ትሄዳለች፤ አፈጣጠሯንም እዚያ ትሰማለች። ስሜቱ ይበረታል፤ የድንግልና «ፍተሻ» እና መደፈር ማዕከላዊ ስለሆኑ ሳይነገራቸው ለወጣቶች ቡድን መምረጥ ተገቢ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነቡ ከሆነ «ዘ ዲው ብሬከር» ይቅደም። የበዳዩን ቤት ከውስጥ የሚያሳይ መጽሐፍ ብዙ የለም።

አክስት የምታወራበት

አንድሪያ ሌቪ በይበልጥ የምትታወቀው በ«ስሞል አይላንድ» (2004) ነው። ለዚህ ርዕስ ግን በ1999 የወጣው «ፍሩት ኦፍ ዘ ሌመን» ይሻላል። ፌዝ ጃክሰን ለንደን የተወለደች የጃማይካውያን ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ስለ አገራቸው የነገሯት ጥቂት ቁርጥራጭ ነው። በአንድ የመጻሕፍት መሸጫ ላይ የደረሰ የዘረኞች ጥቃት ያስከተለውን ካየች በኋላ ከአልጋ አልነሳ ትላለች፤ ወላጆቿም ጃማይካ ወዳለችው አክስቷ ኮራል ይልኳታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የወሬ መጽሐፍ ይሆናል። ኮራልና ሌሎች ዘመዶች በየተራ ያወራሉ፤ ከየወሬው በኋላም የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ሥዕል እያደገ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ እፍኝ የማይሞሉ ስሞች ነበሩ፤ እየቆየ ስኮትላንዳዊው፣ በባርነት የኖሩት፣ ሳይጋቡ የወለዱት፣ ቆዳቸው ነጣ ስላለ ዘመድ የካዱት ሁሉ ቦታቸውን ይይዛሉ።

እዚህ «ትልቁ ምስጢር» የሚባል ነገር የለም። ብዙ ትናንሽ ገመናዎች ናቸው፤ ተናጋሪዎቹም አንዱ የሌላውን ያሳብቃል፣ ያጋንናል፣ ያድበሰብሳል። ቡና ላይ ዘመድ ሲታማ የሰማ ሰው አነጋገሩን ወዲያው ይለየዋል። ውጭ አገር ለተወለዱ ልጆችና ለወላጆቻቸው አንድ ላይ ከሚነበቡት ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው። ቀልድ አለው፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ የሚያሳፍር ትዕይንት እምብዛም የለበትም፤ የአባትየው ዝምታም ሰው ሳያስጨንቅ ለውይይት ይከፍታል።

ሁለት ጥንቃቄ። የእንግሊዙ ክፍል ረጅም ስለሆነ «ጃማይካ የት አለ?» ብለው እንዳያቋርጡ፤ ፌዝ ለምን እንደተሰበረች ካልታየ ሁለተኛው ክፍል ተራ የጉብኝት ታሪክ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ ገልጠው የመጨረሻውን የዘር ሐረግ አይዩ። በስልክ የሚያነቡ ከሆነም ሥዕሎቹን አጉልተው ለማየት ጊዜ ይስጡ፤ እነሱን የዘለለ አንባቢ ትረካው ያስገኘውን ፍሬ ዘለለ።

የሚናገር ሰው ሲጠፋ

ፖል ማርሻል በ1929 ብሩክሊን ውስጥ ከባርቤዶስ ስደተኞች የተወለደች ደራሲ ናት፤ ስሟ የወንድ ቢመስልም ሴት ናት። «ፕሬዝሶንግ ፎር ዘ ዊዶው» (1983) ከሁለቱ ዝምታዎች የመጀመሪያውን፣ ማንም የማያውቀውን፣ ይዞ የሚነሳ ነው። ኤቪ ጆንሰን ባሏ የሞተባት የ64 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ከቅንጡ የመዝናኛ መርከብ ድንገት ወርዳ ግሬናዳ ላይ ትቀራለች። ከዚያም ሌበርት ጆሴፍ የሚባል ሽማግሌ አስከትሏት በአነስተኛ መርከብ ካሪያኩ ወደምትባለው ደሴት ትሻገራለች።

በካሪያኩ «ቢግ ድረም» የሚባል ሥነ ሥርዓት በእርግጥም አለ። በምሕረት ልመና ይጀመራል፤ ቀጥሎ «የነገድ ጭፈራ» ይመጣል። ክሮማንቲ፣ ኢግቦ፣ ተምኔ፣ ኮንጎ፣ ማንዲንግ እየተባለ በየነገዱ ይጨፈራል፤ የራሱን ነገድ የሚያውቅ ወደ መሐል ይገባል። ሽማግሌው ኤቪን ነገድሽ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት መልስ የላትም። የመጽሐፉ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መዝገብም ተራኪም የሌለው ሰው ዘሩን በምን ያገኘዋል? ማርሻል የምትሰጠው መልስ በእግርና በጉልበት የሚሰማ እንጂ በስምና በቀን የሚጻፍ አይደለም።

መጽሐፉ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሰው የሚሰለቸው ሁለተኛው ላይ ነው። ያ ክፍል በአብዛኛው ብሩክሊን ስለነበረው ትዳሯ ትዝታ ስለሆነ ታሪኩ የቆመ ይመስላል። በአንድ ወይም በሁለት መቀመጫ ይጨርሱት እንጂ በየቀኑ አምስት ገጽ እያደረጉ አያንጠባጥቡት። የካሪቢያን ክፍሎቹ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይሄዳሉ።

የዚችው ደራሲ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ብራውን ገርል፣ ብራውንስቶንስ» (1959) ደግሞ የመሬት ገመና ነው። ባል ባርቤዶስ ላይ መሬት ይወርሳል፤ ሚስት ብሩክሊን ላይ ቤት መግዛት ትፈልጋለች፤ መሬቱን በስውር ትሸጥበታለች። አገር ቤት ቦታ ይዘን ውጭ ቤት እንግዛ አንግዛ የሚል ክርክር የሰማ ሁሉ ይህን መጽሐፍ በቀላሉ ይገባበታል።

እውነቱ የማይጨበጥበት

ሁለት መጻሕፍት ምስጢሩን ክፍት አድርገው ይተዉታል። ይህን ሳያውቅ የገባ አንባቢ ይበሳጫል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መነገሩ ተገቢ ነው።

የማሪዝ ኮንዴ «ዴዚራዳ» በፈረንሳይኛ በ1997 ወጥቶ በሪቻርድ ፊልኮክስ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ማሪ-ኖኤል ጓዴሎፕ ውስጥ በማደጎ እናት ካደገች በኋላ ፈረንሳይ ወዳለችው ወላጅ እናቷ ትወሰዳለች፤ ኋላም አሜሪካ ትኖራለች። አባቷ ማን ነው? እናቷ አንድ ነገር ትላለች፤ ላ ዴዚራድ ደሴት ላይ ያለችው አያቷ ያንን የሚያፈርስ ሌላ ትላለች። ኮንዴ ዳኛ አትሆንም። የጁኖት ዲያዝ «ዘ ብሪፍ ዎንድረስ ላይፍ ኦፍ ኦስካር ዋው» (2007፤ የ2008 ፑሊትዘር ተሸላሚ) ደግሞ በአምባገነኑ ትሩሂዮ ዘመን (1930–1961) ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ አንድ ሐኪም ለምን እንደታሰረ ይጠይቃል። ከአንድ በላይ ማብራሪያ ይቀርባል፤ ማስረጃው ጠፍቷል። ተራኪውም ያልተጻፈውን ባዶ ገጽ በግልጽ ያሳያል።

በሁለቱ መካከል ሲመርጡ ቋንቋው ይወስን። «ዴዚራዳ» ጨለማ ቢሆንም አረፍተ ነገሩ ቀጥተኛ ነው። «ኦስካር ዋው» እያሳቀ ያስነብባል፤ ግን ያልተተረጎመ እስፓኒሽ፣ የመንገድ እንግሊዝኛና የሳይንስ ልብ ወለድ ጥቅሶች ገጽ በገጽ ተሞልቷል። እያንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው ሠላሳኛው ገጽ ሳይደርስ ያቆማል። እስፓኒሹን በአገባቡ ገምተው ይለፉት፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ግን እንዳይዘሉ። የአምባገነኑ ታሪክ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ከስልክ ቅጂ ይልቅ ወረቀቱ ይመረጣል፤ ስልክ ላይ ማስታወሻው ከገጹ ግርጌ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ።

በአጭሩ የሚጠቀስ አንድ ሌላ፦ የኢንግሪድ ፐርሶድ «ላቭ አፍተር ላቭ» (2020)። አንድ የትሪኒዳድ ልጅ እናቱ የደበቀችውን ሳያስቡት ይሰማል፤ ከዚያም ኒውዮርክ ይሄዳል፣ ያለ ወረቀትም ይኖራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትሪኒዳድ ዘዬ የተጻፈ ነው። ዓይን ብቻውን የማይገባውን ጆሮ ስለሚይዘው ጮክ ብሎ ማንበብ ወይም የድምፅ ቅጂውን መስማት ይረዳል። በራስ ላይ ጉዳት ማድረስና የቤት ውስጥ ጥቃት አለበት።

ለማን የቱ

እንግሊዝኛቸው መካከለኛ ለሆነና ረጅም መጽሐፍ ጨርሰው ለማያውቁ «ብላክ ኬክ»። ወላጅና ልጅ አብረው ለሚያነቡ «ፍሩት ኦፍ ዘ ሌመን»። ፖለቲካ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ለሚፈልግ፣ ወይም ልብ ወለድ ለሚጽፍ ሰው፣ ያለ ማንገራገር «ዘ ዲው ብሬከር»። የዘር ጥያቄ ከቤተሰብ ወሬ በላይ ለሚያሳስበው «ፕሬዝሶንግ»። ቀልድ ከጭካኔ ጋር ሲቀላቀል ለማይከፋው «ኦስካር ዋው»። «ዴዚራዳ»ን ለጀማሪ አንመክርም፤ ከሌሎቹ ሁለት ሦስቱን ካነበቡ በኋላ፣ ምስጢር ሁሉ መልስ አለው የሚለውን እምነት ሊፈትኑ ሲፈልጉ ያንሱት።

በንባብ ቡድን የሚነበብ ከሆነ «ብላክ ኬክ» በአራት ስብሰባ፣ መቶ መቶ ገጽ እየተደረገ ይበቃል። «ዘ ዲው ብሬከር» ሦስት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ታሪክ ለብቻው፣ መሐል ያሉት ሰባቱ አንድ ላይ፣ የመጨረሻው ለብቻው። የመጀመሪያውን ከሌላ ጋር ካዳበሉት ውይይቱ ሁሉ ወደ ሐውልቱ ይሄድና ሌላው ሳይነካ ይቀራል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ኅትመቶች የገጽ ቁጥር ስለማይገጥም ስብሰባ ላይ በገጽ ሳይሆን በምዕራፍ ወይም በታሪክ ርዕስ ይጥቀሱ። መደፈርና ራስን መጉዳት ያለባቸውን ክፍሎችም አስተባባሪው አስቀድሞ አንብቦ ከስብሰባው በፊት ለአባላቱ ያሳውቅ፤ ማን መናገር እንደሚፈልግና ማን ዝም ማለት እንደሚፈልግ ያኔ ይለያል።